«የሰው እጅ ያልነካው» የምኒልክ ብር ሲቀርብላችሁ ተጠንቀቁ

የድሮ ገንዘብ የምትሰበስቡ፣ በተለይም ለስጦታ ብላችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከአሜሪካ ለእረፍት መጥታ ለአባቷ አንድ የምኒልክ ጠገራ ብርና አንድ የጃንሆይ ዘመን የወረቀት ብር ገዛች። ሻጩ ሁለቱንም «የሰው እጅ ያልነካቸው» ብሎ ባልተነካ ገንዘብ ዋጋ ሸጠላት። ጠገራው የተፈተገ፣ ወረቀቱ ደግሞ በካውያ የተተኮሰ ነበር። ልትመልስ ብትሄድ «አይተሽ ነው የገዛሽው» ብሎ አሰናበታት።

ጠገራው በፓሪስ የተመታው ባለ 1887 ዓ.ም. ነው። ሐሰተኛ አይደለም፤ ከሩቅ ሲያዩትም እንደ መስታወት ያበራል። መብራት ሥር አዘንብዬ ሳየው ግን ፊቱን በሙሉ በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ሞልተውታል። ያልተነካ ብር ሲያዘነብሉት ብርሃኑ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየዞረ ይንቀሳቀሳል፤ የተፈተገ ግን በየትኛውም በኩል ቢያዩት ያው አንድ ዓይነት ድርቅ ያለ ብልጭታ ነው። የንጉሡ ጉንጭና ዘውድ፣ የአንበሳውም ጋማ ከፍ ብለው ስለሚወጡ ቀድመው የሚያልቁ ቦታዎች ናቸው። በዚህኛው ላይ ሁሉም ልሙጥ ሆነዋል። እንዲህ ያለቀ ፊት እንደ አዲስ ሲያበራ ካያችሁ ብልጭታው የመጣው ከፓሪስ ሳይሆን ከጥርስ ሳሙና ነው።

ከሁሉም በላይ ጠርዙን እዩ። እናቶቻችን ጠገራ ብርን ማንጠልጠያ አስበይደው በአንገታቸው ያስሩት ነበር። ነጋዴው ማንጠልጠያውን ቆርጦ በሞረድ ያስተካክለዋል፤ የብየዳው እብጠት ግን ከዘውዱ በላይ ባለው ጠርዝ ላይ በጣት ይታወቃል። የእህቴ ልጅ የገዛችው ይህም ነበረበት። የተፈተገና የተበየደ ብር ዋጋው በውስጡ ካለው የብር ማዕድን ብዙም አይርቅም። የሚያናድደኝ በአሮጌ ብር ፊት ላይ የሚታየው ያ ጥቁር ወይም ግራጫ ልባስ እንደ ቆሻሻ እየተቆጠረ መፈተጉ ነው። ዘመን ያለበሰው ነው፤ አዋቂ ሰብሳቢም ተጨማሪ የሚከፍለው ለእርሱ ነው።

የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ፣ ማርትሬዛ፣ ከሆነ ደግሞ 1780 የሚለው ዓመት አያታላችሁ። ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ሲመታ ኖሯል። አዲስ የመሰለው ምናልባት በእርግጥም አዲስ ነው።

ወረቀቱ በ1937 ዓ.ም. የወጣው፣ በበሬ የሚያርስ ገበሬ ያለበት አንድ ብር ነው። ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ መስኮት ላይ ሲያዙት ግን መሃሉን የሚከፍል ነጣ ያለ መስመር አለ። እጥፋት በካውያ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። በዚያ ላይ ያልተነካ ኖት ቀለሙ ከፍ ብሎ ጣትን ይይዛል፤ የተተኮሰው ግን ለስላሳ ነው። በሳሙና የታጠበ ወረቀት ደግሞ ሐሰተኛ ብር መለያው ሰማያዊ መብራት ሥር ይፈካል። ማዕዘኑ ሲዶለዱም በመቀስ ስለሚቆርጡት የአራቱን ጎን ነጭ ጠርዝ አስተያዩ። በዚህኛው የቀኙ ከግራው ይጠባል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የዋጋው ልዩነት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የድሮ ገንዘብን ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ዓለም አቀፍ መዳቢ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት የ70 ነጥብ መለኪያ ከ60 በላይ የሚያገኘው ያልተሠራበት ብቻ ነው። አንዲት የመሃል እጥፋት ኖቱን ከዚያ ታወርደዋለች፤ ለብርቅ ኖት ይህ የብዙ እጥፍ ልዩነት ነው። በፕላስቲክ ታሽጎ ደረጃ የተጻፈበት ቢቀርብላችሁም የመለያ ቁጥሩን በመዳቢው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፎቶውን ከእጃችሁ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ማሸጊያውም በሐሰት ይሠራል።

ደረሰኙ ላይ «ያልተፈተገ፣ ያልተበየደ፣ ያልተተኮሰ፤ ሆኖ ካልተገኘ ይመለሳል» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። እምቢ ካለ ዕቃውን አስቀምጡለትና ውጡ። ቤታችሁ ያለውን የአያት ብር «በነፃ ላጽዳላችሁ» የሚላችሁም ቢኖር አትስጡት።