ፋሚሊሰርች ከሃንጋሪ የመጣችን አያት ታሪክ ለመፈለግ ምን ያህል ይጠቅማል?

ፋሚሊሰርች የቤተሰብ ታሪክ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው። ባለቤቱ በተለምዶ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምትባለው፣ መቀመጫዋ ሶልት ሌክ ሲቲ የሆነችው የሃይማኖት ድርጅት ናት። ሥራው በ1894 ተጀምሮ፣ ከ1938 ወዲህ ደግሞ በየአገሩ ያሉ መዝገቦችን በማይክሮፊልም ሲያነሳ የኖረ ነው፤ 2.4 ሚሊዮን የሚሆነውን ጥቅል ፊልም ወደ ዲጂታል ገልብጦ የጨረሰው በ2021 ነው። ክፍያ የለውም፣ የሃይማኖቱ አባል መሆንም አያስፈልግም፤ አካውንት መክፈት ይበቃል። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ የምንመዝነው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ከሃንጋሪ ወደ አሜሪካ የተሻገረችን ሴት አያት ሕይወት ከወረቀት ላይ ለማግኘት። በእኛ አገር ልጅ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አንዱ ወላጁ አበሻ፣ ሌላው የሃንጋሪ ዘር የሆነ፣ ክሊቭላንድ ወይም ኒው ጀርሲ የተወለደ ልጅ ግን በሃንጋሪው ወገን ሁለተኛው ቤት ላይ ሊቆም ይችላል፤ አያቲቱ ስሟም መንደሯም አሜሪካ ስትገባ ሌላ አጻጻፍ ይዘዋልና። ለዚህ ሥራ ለፋሚሊሰርች ከአምስት አራት እንሰጠዋለን። ያለው ወረቀት ብዛት አምስት ያሰጠው ነበር፤ መፈለጊያ ሳጥኑ ሴቶችን ስለሚደብቅ አንድ ቀንሰናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍለጋውን ከሃንጋሪ ሲጀምር ነው። የሃንጋሪ መዝገብ የሚከፈተው በመንደር ስም ነው። መንደሩን ሳያውቁ «ሆርቫት ኢሎና» ብሎ መፈለግ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰፈሯን ሳይናገሩ «አልማዝ ከበደን አያችኋት?» እንደማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአሜሪካውን ወረቀት ጨርሱ።

በሕዝብ ቆጠራው ጀምሩ። የ1900 እና የ1910 ቆጠራ ሴቶችን ስንት እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ይጠይቃል፤ በቤተሰቡ ውስጥ ስሙ ተነስቶ የማያውቅ፣ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው እዚህ ነው። ከ1900 እስከ 1930 ያሉት ቆጠራዎች አሜሪካ የገባችበትንም ዓመት ይመዘግባሉ። ይህን ዓመት እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አትያዙት። ቆጣሪው የጻፈው በሩን የከፈተለት ሰው የነገረውን ነው፤ እሱም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። በ1940ው ቆጠራ ላይ መልስ የሰጠው ሰው ስም አጠገብ በክብ የተከበበ የኤክስ ምልክት ስላለ ማን እንደተናገረ ይታወቃል። የ1950ው ቆጠራ ደግሞ በኤፕሪል 2022 ለሕዝብ ተከፍቷል።

በ1910 የትውልድ አገሯ «ሃንጋሪ» የተባለች ሴት በ1930 «ቼኮዝሎቫኪያ» ተብላ ብትገኝ ሌላ ሰው ናት ብላችሁ አትለፏት። ጁን 4 ቀን 1920 የተፈረመው የትሪያኖን ውል ከሃንጋሪ መንግሥት ግዛት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ስለወሰደ፣ እሷ አሜሪካ ተቀምጣ መንደሯ አገር ቀይሯል። ይህ ለውጥ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ቼኮዝሎቫኪያ ከተባለ መንደሩን በሰሜን፣ ሩማንያ ከተባለ በምሥራቅ ትፈልጋላችሁ።

መንደሩን በትክክል የሚጽፉት ብዙ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ያሉት የሃንጋሪዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ቄሱ ሃንጋሪኛ ያውቃልና። በክሊቭላንድ በ1892 የተመሠረተው የሃንጋሪዋ ቅድስት ኤልሳቤጥ ደብር አንዱ ነው፤ ተሐድሶዎቹ (የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉት ፕሮቴስታንቶች) ደግሞ በ1891 የራሳቸውን እዚያው ከተማ አቋቁመዋል። የእንዲህ ያሉ ደብሮች የጋብቻ መዝገብ ፋሚሊሰርች ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። ለደብሩ ወይም ለሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ መጻፍ ይሻላል።

ፋሚሊሰርች ከሁሉ በላይ የሚደነቅበት የመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ ነው። ወደ ኒው ዮርክ የሚገቡ ስደተኞች የሚመረመሩበት የነበረው የኤሊስ ደሴት መዝገብ በነጻነት ሐውልትና በኤሊስ ደሴት ፋውንዴሽን ድረ ገጽም በነጻ ይታያል፤ አንዱ ላይ ያጣችኋትን ሌላው ላይ ሞክሩ፤ ስሙን ከእጅ ጽሑፍ የገለበጡት ሰዎች የተለያዩ ስለሆኑ ስህተታቸውም ይለያያል። ከ1903 ወዲህ የ«ዘር» ዓምድ ተጨምሯል፤ ከሃንጋሪ የመጣች ሁሉ «ማጅያር» (በዘር ሃንጋሪያዊት) አትባልም፤ ስሎቫክ፣ ጀርመን ወይም ዕብራዊት ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ከ1907 ጀምሮ መዝገቡ በሁለት ገጽ ተዘርግቷል። የግራው ገጽ አገር ቤት የቀረውን የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ይሰጣል፤ የቀኙ ገጽ ትኬቷን ማን እንደከፈለ፣ ወደ ማን እንደምትሄድ፣ ስንት ዶላር እንደያዘች፣ ቁመቷን፣ የዓይኗን ቀለምና የተወለደችበትን ቦታ ይነግራችኋል። የግራውን አይቶ ድረ ገጹን የሚዘጋ ሰው ግማሹን ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ቀጣዩን ምስል ክፈቱ።

በስሟ ግራ፣ ጠርዙ ላይ የኤክስ ምልክት ካለ ለጊዜው ተይዛ ነበር። ብቻዋን ወይም ከልጆቿ ጋር የመጣች ሴት ባሏ ወይም ወንድሟ መጥቶ እስኪወስዳት፣ አለዚያም ገንዘብ እስኪልክላት ድረስ አትለቀቅም ነበር። ያን ጊዜ የዚያኑ መርከብ መዝገብ እስከ መጨረሻው ግለጡት፤ «የተያዙ የውጭ ዜጎች» የሚል ዝርዝር አለ። ለምን እንደተያዘች፣ ማን እንደወሰዳት፣ አድራሻውና የወጣችበት ሰዓት እዚያ ተጽፏል። በመጨረሻዎቹ ዓምዶች ደግሞ ስንት ቁርስ፣ ስንት ምሳና ስንት እራት እንደቀረበላት ተቆጥሯል፤ ወጪው የመርከብ ኩባንያው ነበርና። ይህ ዝርዝር በስም ፍለጋ ሁልጊዜ አይመጣም፤ በእጅ ገጽ በገጽ መሄድ ነው። በስሟ ወይም በሥራዋ ዓምድ ላይ በሌላ ቀለም የተጻፈ ቁጥርና ቀን ካያችሁ ደግሞ ቆየት ብሎ ለዜግነት ሲባል መግባቷ እንደተጣራ ያመለክታል፤ የዜግነት ፋይል መኖሩን ከዚህ ታውቃላችሁ።

ስለ ወደቦቹ በአጭሩ፦ ከ1904 ጀምሮ የኩናርድ መርከቦች ያኔ የሃንጋሪ ከነበረችው ፊዩሜ፣ የዛሬዋ ሪዬካ፣ ወደ ኒው ዮርክ ይጓዙ ነበር። በሃምቡርግ በኩል ከወጣች የመነሻ ወደቡ ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ተርፏል። የብሬመን ግን በአብዛኛው ጠፍቷል፤ ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

አሁን ወደ ስሙ። ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ «ሳቦ ኤርዤቤት» ስትባል ኤርዤቤት የራሷ ስም ነው፣ አሜሪካም ላይ ኤልዛቤት ትሆናለች። ኢሎና ሄለን፣ ቦርባላ ባርባራ፣ ዩሊያና ጁሊያ ተብለው ይገኛሉ። በሃንጋሪኛ አጻጻፍ ኤስና ዜድ ሲጣመሩ «ስ» ናቸው፤ ኤስ ብቻዋን «ሽ» ናት፤ ሲና ኤስ አንድ ላይ «ች» ናቸው። የአሜሪካ ጸሐፊ የሰማውን ስለጻፈ ሳቦ ያለ ዜድ፣ ኮቫች ደግሞ በሲና ኤች ተጽፎ ይገኛል። መፈለጊያ ሳጥኑ እነዚህን ልዩነቶች በራሱ ሁልጊዜ አያገናኝም። መፍትሔው የኮከብ ምልክትና የጥያቄ ምልክት ነው፤ ኮከቧ የቱንም ያህል ፊደል፣ የጥያቄ ምልክቷ አንድ ፊደል ትተካለች። ስሙን ጨርሶ ትቶ በመንደር፣ በዕድሜና በመጡበት ዓመት መፈለግም ይሠራል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይህኛው ነው የሚቀናው።

ያገባች ሴት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በሃንጋሪ ልማድ ኮቫች ያኖሽን ያገባች ሴት «ኮቫች ያኖሽኔ» ተብላ ትጻፋለች፤ ከራሷ ስም አንድ ፊደል አይቀርም። በየመዝገቡ ባሏን ስትፈልጉ እሷን ታገኛላችሁ እንጂ እሷን በስሟ ስትፈልጉ አታገኟትም። የልጆቿ የልደት መዝገብ ግን እናትን በልጅነት ስሟ ስለሚጽፍ የሴትን መስመር የሚቀጥለው የልጅ ልደት ነው፤ በእናት ስም መፈለጊያውን ተጠቀሙ።

መንደሩ ከታወቀ በኋላ ሳጥኑን ተዉትና «ካታሎግ» በሚለው ክፍል በቦታ ስም ግቡ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ መንደሮች ስላሉ ክፍለ ሀገሩን፣ ሃንጋሪዎቹ «ሜጄ» የሚሉትን፣ ሳታውቁ አትጀምሩ። ለዚህ ከጦርነቱ በፊት የወጣው የ1913ቱ የሃንጋሪ የቦታ ስሞች መዝገብ ይረዳል፤ ሃንጋሪካና በተባለው የሃንጋሪዎቹ ነጻ ድረ ገጽ ላይ የድሮ ካርታዎችም አሉ። ኦክቶበር 1 ቀን 1895 የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ተጀምሯል። ከዚያ በፊት የተወለደች ከሆነች የምትገኘው በቤተ እምነቷ መዝገብ ነው፤ ስለዚህ ካቶሊክ፣ ተሐድሶ፣ ሉተራን፣ ግሪክ ካቶሊክ ወይስ አይሁድ መሆኗን አስቀድማችሁ እወቁ። መንደሩ ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የአብያተ ክርስቲያናትና የምኩራቦች መዝገብ በብዛት አለ። የትራንሲልቫኒያው፣ ማለትም የዛሬው የሩማንያ ክፍል፣ ግን የሳሳ ነው።

ከ1895 እስከ 1906 ያለው የልደት መዝገብ ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ ሰጥቶ በዓረፍተ ነገር የተጻፈ ነው። ቀኑም በፊደል ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ የሃንጋሪኛን ቁጥሮችና ወራት በወረቀት ጽፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ከ1907 ጀምሮ ወደ ሠንጠረዥ ስለተቀየረ ንባቡ ይቀላል፦ ተራ ቁጥር፣ የተመዘገበበትና የተወለደበት ቀን፣ የልጁ ስም፣ ፆታና ሃይማኖት፣ የወላጆች ስም፣ ሥራ፣ የትውልድ ቦታና ዕድሜ። ቀን ሲጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ነው። የሥራውን ቃል አትዝለሉት። «ናፕሳሞሽ» የቀን ሠራተኛ፣ «ፈልድሙቬሽ» ገበሬ፣ «ቸሌድ» አገልጋይ ነው፤ አያት ለምን እንደተሰደደች ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ወረቀት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ልደቱን ያስመዘገበችው አዋላጇ ልትሆን ትችላለች። ጠርዙ ላይ የተጨመረ ማስታወሻ ካለ ተርጉሙት፤ የስም ለውጥ ወይም ወላጆቹ ቆይተው መጋባታቸው ሊሆን ይችላል።

ፋሚሊሰርች ላይ የማይገኘው ምንድን ነው? ትልቁ ክፍተት የሴቶች ዜግነት ነው። እስከ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1922 ድረስ ያገባች ሴት የባሏን ዜግነት ስለምትከተል የራሷ ማመልከቻ የላትም፤ የባሏን ፋይል ፈልጉ። ዜግነት ሳታገኝ 1940 ከደረሰች ደግሞ የተሻለ ወረቀት አላት፤ ከዚያ ዓመት ኦገስት ጀምሮ 14 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ ሁሉ እንዲመዘገብ ተደርጓል። ይህ ቅጽ የሚጠየቀው ከአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት የዘር ሐረግ ክፍል ነው፤ ይከፈልበታል፣ ይዘገያልም፣ ግን ያዋጣል። ፋሚሊሰርች ይህን አይተካውም።

ከ1956ቱ አመፅ በኋላ ከተሰደዱት 200,000 ያህል ሃንጋሪዎች አንዷ ከሆነች ደግሞ ፋሚሊሰርችን ሦስተኛ ምርጫ አድርጉት። በሃንጋሪ ሕግ የልደት መዝገብ የሚከፈተው ከ90፣ የጋብቻ ከ60፣ የሞት ከ30 ዓመት በኋላ ነው። የ1956ቱ ስደተኞች በተቀበሉበት በኒው ጀርሲው ካምፕ ኪልመር በኩል ያለፈች ሴት ፋይል በአሜሪካ የመንግሥት መረጃ የማግኘት ሕግ ይጠየቃል።

ምስሉ ላይ የካሜራና የቁልፍ ምልክት ካያችሁ ድረ ገጹ ተበላሽቶ አይደለም፤ ከመዝገቡ ባለቤት ጋር የተደረገው ውል ገደብ ነው። አንዳንዱ በፋሚሊሰርች ማዕከል ወይም በአጋር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ይከፈታል፤ ሄዳችሁ በፍላሽ መያዝ ትችላላችሁ።

የቤተሰብ ዛፉን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛፉ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ማንም አካውንት ያለው ሰው የሞተችውን አያታችሁን ከሌላ ኤርዤቤት ሳቦ ጋር ሊያዋህዳት ይችላል። ለውጡ በታሪክ መዝገብ ስለሚቀመጥ መመለስ ይቻላል፣ ግን ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ዋናውን ዛፍ በራሳችሁ ኮምፒውተር አስቀምጡ፣ ፋሚሊሰርች ላይ ቅጂውን ብቻ። ፎቶግራፍና የድምፅ ቅጂ የሚጫንበት ክፍል ጥሩ ነው። የምትጭኑት ምስል ሁሉ ላይ የመንደሩን ስም፣ የፊልሙን ቁጥር፣ የምስሉን ቁጥርና የመዝገቡን ተራ ቁጥር ጻፉ፤ ይህ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ፈላጊ ያንኑ ገጽ ለማግኘት መላውን ጥቅል እንደገና ይገልጣል።