ባርኔጣ የሚበላው ሣጥን፦ የድሮ ጀርመን ፊልሞች ስብስብ፣ ከወራት በኋላ

ይህን የፊልም ሣጥን ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ዲስኮቹ አይቆሙም፣ አይዘሉም። ካርቶኑ ጠንካራ ነው። መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥም ያምራል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ ተመልሼም አላነሳውም። ለመጻፍ ያስነሳኝ የባርኔጣ ጉዳይ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ የመጀመሪያው ዲስክ የፍሪትዝ ላንግ «ኤም» ነው። በ1931 የተሠራ ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በርሊን ውስጥ ሕፃናት የሚገድል ሰው አለ። ፖሊስ ያሳድደዋል። ፖሊስ በየምሽቱ አሰሳ ስላበዛ ሥራቸው የተበላሸባቸው ሌቦችም ያሳድዱታል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ባዶ ራሱን የሚወጣ ወንድ አልነበረም። ፖሊሱም፣ ሌባውም፣ ለማኙም ባርኔጣ አለው። ጉስታፍ ግሩንድገንስ የሚጫወተው የሌቦቹ አለቃ ግማሹ ግርማው ክብ ጥቁር ባርኔጣው ነው። ሌላው ግማሽ የቆዳ ካፖርቱና ጓንቱ። እኔ ቤት ግን ሰውዬው ከቅንድቡ በላይ የለም። ካሜራው ትንሽ በቀረበ ቁጥር ባርኔጣው ይጠፋል። ጓንቱም ከታች ይሄዳል።

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጠረጠርኩ። ሪሞቱን ይዤ ቅንብሩን አንድ በአንድ ቀያየርኩ። ምስሉ ጠበበ፣ ተለጠጠ፣ ወፈረ። ባርኔጣው ግን አልመጣም። ዲስኩ ላይ ስለሌለ ከየት ይምጣ? የት እንዳለ ደግሞ አውቃለሁ። እዚህ ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር ባለው የፊልም ሙዚየም ሲኒማ ውስጥ ፊልሙን ሙሉውን አይቼዋለሁ። ባርኔጣው እዚያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ፊልም ወርዱና ቁመቱ ተቀራራቢ ነው። ድምፅ ሲመጣ የድምፁ መስመር በፊልሙ ጠርዝ ላይ ቦታ ያዘ፤ ምስሉም ከጎን ጠበበ። ለዚህ ነው «ኤም» ካሬ ለመሆን ትንሽ የቀረው፤ ወርዱ ለቁመቱ 1.19 ለ1 ነው። በ1932 ሆሊውድ 1.37 ለ1 ላይ ተስማማ፤ ሌላውም ዓለም እየተከተለ ሄደ። የዛሬ ቴሌቪዥን 1.78 ለ1 ነው፤ «16:9» የሚባለው። ስለዚህ የድሮ ፊልም በትክክል ከታየ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይቅራ! ማንን ይጎዳል?

የሣጥኑ አዘጋጆች ግን ጥቁሩን አልፈለጉትም። ምስሉን አጉልተው ስክሪኑን ሞሉት። ሒሳቡን ስሩት፦ 1.37 የሆነ ፊልም 1.78 እንዲሞላ ከላይና ከታች ሩብ ያህሉን መጣል ግድ ነው። «ኤም» ላይ ደግሞ ሲሶው ይሄዳል። ፎቶ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ ሲል ሰውየውን በመቀስ እንደ መከርከም ነው።

ሻጩን አንዳንዴ በሐሳቤ እከራከረዋለሁ። «ሰው እኮ ጥቁር ጎን አይወድም፤ ገንዘቤን ከፍዬ ግማሽ ስክሪን ሰጣችሁኝ ይላል» ይለኛል። ወንድሜ፣ እኔም ገንዘቤን ከፍዬ ሁለት ሦስተኛ ፊልም ነው የተሰጠኝ። «በዲጂታል ታድሷል» ይላል። አዎ ታድሷል። ቆሻሻው ጸድቷል፣ ጭረቱ የለም። ከጭረቱ ጋር የሰው ፊት ቆዳም አብሮ ጸድቶ ሁሉም ሻማ መስሏል። «ዋጋው ቅናሽ ነበር» ይላል። እዚህ ላይ ዝም እላለሁ። ቅናሽ ነበር።

እውነተኛዎቹ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ደግሞ ከሐሳቤ ሻጭ የባሱ ናቸው። ጻፍኩላቸው። ምስሉ ለዘመናዊ ቴሌቪዥን ተስተካክሎ የተዘጋጀ መሆኑን ገልጸው በትህትና መለሱልኝ። ባርኔጣውን ያነሳው የለም።

ባርኔጣው እንኳ ይቅር ልበል። ይቅር ማለት ያቃተኝ የ1946ቱን ፊልም ነው፤ «ገዳዮቹ መካከላችን ናቸው»፣ በጀርመንኛው «ዲ ሞርደር ዚንድ ኡንተር ኡንስ»። ሣጥኑን የገዛሁትም በእሱ ምክንያት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ የመጀመሪያው የጀርመን ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ቮልፍጋንግ ሽታውተ ነው። የተቀረጸው በርሊን ፍርስራሽ ውስጥ ነው፤ ፍርስራሹ የስቱዲዮ ሥራ አይደለም፣ ራሱ ከተማው ነው።

የፈራረሰ ከተማ ቁመት ይፈልጋል። ጣሪያው የሄደ ፎቅ ቤት፣ በመስኮቱ ቀዳዳ ሰማይ የሚታይበት ግድግዳ፣ ወደየትም የማያደርስ ደረጃ። የወደመው ነገር ያለው ላይ ነው። የኔ ዲስክ ላዩን ቆርጦ ሲጥለው የሚቀረው መንገድ ላይ የሚሄዱ ሰዎችና የጡብ ክምር ነው። በርሊን ልክ እድሳት ላይ ያለች ከተማ ትመስላለች። መጨረሻው አካባቢ የሐኪሙ ጥላ ግድግዳው ላይ እያደገ እያደገ የድሮ አለቃውን የሚውጥበት ቦታ አለ። እኔ ቤት ጥላው ያድግና አንገቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ፊልሙን ላላያችሁ፦ ሱዛነ ከማጎሪያ ካምፕ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቤቷን አንድ ሐኪም ይዞታል። ሰውየው ጦር ሜዳ ያየውን መርሳት አቅቶት ይጠጣል። የመስኮቱ መስታወት ስለረገፈ በራጅ ፊልም ደፍነውታል። በሰው አጥንት ምስል ውስጥ ብርሃን ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር ድሃ አገር ካልሆነ ማን ያስባል? የሐኪሙ የድሮ አለቃ ደግሞ ፖላንድ ውስጥ በገና ዋዜማ ከመቶ በላይ ሲቪሎችን ያስረሸነ መኮንን ነው። አሁን ፋብሪካ አለው። የወታደር ብረት ቆብ እየቀጠቀጠ ድስት ያደርጋል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል። ደስተኛ ሰው ነው።

በርሊንን ያኔ ምዕራባውያኑና ሶቪየቶቹ ተከፋፍለው ይዘዋት ነበር። ሽታውተ መጀመሪያ ሐሳቡን ለምዕራባውያኑ አቅርቦ ነበር፤ አልተቀበሉትም። ሶቪየቶቹ እሺ አሉት። ግን አንድ ነገር አስቀየሩት። በመጀመሪያው ጽሑፍ ሐኪሙ አለቃውን ይገድለዋል። እነሱ ይህ ከታየ ሰው ሁሉ በየሰፈሩ ደሙን ሊመልስ ይነሳል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ሱዛነ ደርሳ ታስቆመዋለች፤ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ይዞራል። ፊልሙ በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኦክቶበር 15 ቀን 1946 ነው። በናዚ መሪዎች ላይ የተሰጠው የኑረንበርግ ፍርድ ከተነበበ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። በዚያው ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ሞት ከተፈረደባቸው አሥሩ እዚያው ኑረንበርግ ተሰቀሉ። እንዲህ ባለ ሰሞን «አትግደል፣ ክሰሰው» የሚል መጨረሻ ይገባኛል። የሶቪየቶቹ መቀስ ምክንያት ነበረው። የሣጥኑ መቀስ ምክንያት ጥቁር ጎን ነው።

ፊልሙን ስለወደድኩት እንከኑን አልደብቅም። ሂልዴጋርድ ክኔፍ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከማጎሪያ ካምፕ የወጣች ሳይሆን ከፀጉር ቤት የወጣች ነው የምትመስለው። ፊቷ ላይ አንድ የረሃብ ምልክት የለም። ስለ ካምፑም ማንም አይጠይቃትም። ሁሉም የሚጨነቀው ለሰካራሙ ሐኪም ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ የጀርመን ፊልም እንዲህ ነው፤ ራሱን ያስታምማል። ያም ሆኖ ገዳዩን የፋብሪካ ባለቤት አድርጎ ለማሳየት በ1946 ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሽታውተ በ1959 ወደዚያው ጥያቄ ተመልሷል። «ጽጌረዳ ለዐቃቤ ሕጉ» ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ በቸኮሌት ስርቆት ሞት ያስፈረደበት ሰው ከጦርነቱ በኋላም ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ይጠብቀዋል። አስቂኝ ፊልም ነው። እየሳቅኩ ተናደድኩ።

«በዚያ ዘመን» የሚለውን የሄልሙት ኮይትነርን ፊልም በአጭሩ ላንሳው። 1947 ነው። ታሪኩን የሚያወራው መኪና ነው፤ ከ1933 ጀምሮ የነበሩትን ሰባት ባለቤቶቹን እየተረከ። ነገሩ ሲነገር የልጆች ፊልም ይመስላል። አይደለም። ሣጥኑ ውስጥ ካሉት መቆረጡን ረስቼ ያየሁት እሱን ነው።

«ሽቫርትስቫልትሜደል» ደግሞ አለ፤ የጥቁር ጫካ ልጃገረድ ማለት ነው፣ ጥቁር ጫካ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ያለ አካባቢ ነው፤ 1950፣ ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመን የተሠራ የመጀመሪያው ባለቀለም ፊልም። ጥቁር ጫካ፣ ዘፈን፣ ፍቅር። ፍርስራሽ የሚባል ነገር የለም። ሕዝቡ ፍርስራሽ ሰልችቶት ስለነበር ሲኒማውን አጨናነቀው፤ አልፈርድበትም። የዚህ ፊልም ዋና ነገር ምን መሰላችሁ? ባርኔጣ! ቀያይ የሱፍ ኳሶች የተደረደሩበት የዚያ አካባቢ የልጃገረዶች ባርኔጣ። ያገቡት ጥቁር ኳስ ነው የሚያደርጉት። ዲስኩ ኳሶቹንም አልማረም። ሳቄ መጣ። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ከት ብዬ ሳቅሁ።

መቀሱ ያልቻለው ድምፁን ነው። «ኤም» ውስጥ ገዳዩ ከኖርዌጂያዊው የሙዚቃ ደራሲ ግሪግ የተወሰደ ዜማ ያፏጫል። የሚጫወተው ፔተር ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል ያፏጨው ዳይሬክተሩ ላንግ ራሱ ነው። ገዳዩን የሚያጋልጠውም ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው፤ ፉጨቱን ሰምቶ። እዚህ ላይ ሣጥኑና እኔ እኩል ነን። ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማውም የሚጎድለኝ የለም። የጀርመንኛ ሰብታይትል ባለመኖሩ ግን የሌቦቹን የበርሊን አነጋገር ግማሹን ሳልሰማ አልፌዋለሁ። ያንንም መዝግቡልኝ።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ጀርባውን አንብቡ። «1,37:1» ወይም «4:3» ከተጻፈ ግዙ። «16:9» ብቻ ከሆነ ጠይቁ፤ ትክክለኛው ምስል ከጥቁር ጎኑ ጋር ሊሆን ይችላል፣ የተቆረጠም ሊሆን ይችላል። «ሙሉ ስክሪን» ብሎ የሚኩራራ ካለ መልሳችሁ አስቀምጡት። የ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲኒማ ቤቶች ስክሪን እያሰፉ ስለነበር እዚያ ላይ ጥብቅ አልልም። ለ«ኤም» ርዝመቱንም እዩ። ሲወጣ 117 ደቂቃ ነበር። ዛሬ የሚገኘው ጥሩ እድሳት 110 አካባቢ ነው። ከመቶ በታች ከሆነ ከቁመቱም ከርዝመቱም ተቆርጧል ማለት ነው።

እኔ «ኤም»ን ለብቻው፣ ከነጥቁር ጎኑ፣ ሌላ ዲስክ ገዝቻለሁ። ሣጥኑን ግን አልመለስኩትም። ለዚህ ተጠያቂው የቤርንሃርድ ቪኪ «ድልድዩ» ነው፤ 1959። ጦርነቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ሰባት የትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው አንድ የማይረባ ድልድይ ይጠብቃሉ። የሚተርፈው አንድ ነው። ድልድዩን ራሱ ጀርመኖቹ ሊያፈርሱት ነበር። ያየሁት ማታ ኮከብ ስጥ ብትሉኝ ዲስክ ሠሪውንም፣ ሻጩንም፣ ያ ትሁት ደብዳቤ የጻፈልኝንም ምሬ አራት እሰጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ «ገዳዮቹ»ን ለእንግዳ ልከፍት ስል ሰማይ የሌላት በርሊን መጣችብኝ። ሁለት ኮከብ። ሁለተኛውም ለካርቶኑ ነው።