ከስዋሚማላይ ጎንደር የገባው ናታራጃ፦ ስትገዙ ጀርባውን እዩ

የአክስቴ ልጅ ህንድ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ሁለት ትናንሽ ሐውልቶች ይዞልኝ መጣ። አንዱን ታሚል ናዱ ውስጥ ስዋሚማላይ የምትባል ከተማ ድረስ ሄዶ ነው የገዛው። ሌላውን ከመንገድ ዳር ሱቅ። ሦስት ወር ሙሉ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ከዚህ ከተማ ለትምህርትም ለሕክምናም ህንድ የሚሄድ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በጥሩው ልጀምር። ናታራጃ ይባላል፤ የሂንዱው አምላክ ሺቫ እየጨፈረ ነው። ቁመቱ 22 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል፣ ዋጋው 9 ሺህ ሩፒ። አራት እጅ አለው። በላይኛው ቀኝ እጁ ትንሽ ከበሮ፣ በላይኛው ግራ እጁ እሳት ይዟል። የታችኛው ቀኝ መዳፍ «አትፍሩ» ይላል፣ የታችኛው ግራ ደግሞ ወደተነሳው እግሩ ያመለክታል። ቀኝ እግሩ ድንቁርናን የሚወክል ድንክ ረግጦ ቆሟል። ዙሪያውን የነበልባል ክብ ከቦታል። ይሄ ሁሉ አንድ ስንዝር በምታህል ቁመት ውስጥ ነው፤ ግን ምንም የተጣበበ ነገር የለም። እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይታያል።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን አንጥረኛ ሆነው የኖሩ አጎት አሉኝ። መስቀል ይሠራሉ። ወስጄ ሰጠኋቸው። ፊቱን አላዩም። ገለበጡና ጀርባውን ማየት ጀመሩ።

«ልጄ፣ ሠራተኛ የሚታወቀው በጀርባ ነው። ፊቱንማ ማንም ያሳምራል።»

ጀርባው ላይ የጸጉሩ ዘለላ አንድ በአንድ ወርዷል፣ የወገቡ መታጠቂያ ቋጠሮው ሳይቀር ተቀርጿል። እዚያ ማንም አያይም፤ የሠራው ሰው ግን አልተወውም። አጎቴ ሳልነግራቸው «በሰም ነው የተሠራ» አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ «ሰሙን ስንት መዘኑት?» ብለው ነው። ነሐስ በዚያው መጠን ካለ ሰም ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ፣ ስንት ብረት እንደሚቀልጥ የሚታወቀው በሰሙ ነዋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስታፓቲ የሚባሉት ባለሙያዎች የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫ ጋር ያዋህዱና ሙሉ ሐውልቱን በእጃቸው ይቀርጹታል። ከዚያ የካቬሪ ወንዝ ያመጣውን ደቃቅ ጭቃ ይለብጡበታል፣ ሲደርቅ ሻካራውን ይደርቡበታል፣ በሽቦ ያስሩታል። እሳት ላይ ሲወጣ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል። ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠው ብረት ይገባል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። ስለዚህ መቅረጫው ሁለተኛ አያገለግልም፤ እኔ ቤት ያለው ናታራጃ መንታ የለውም ማለት ነው። ከተሰበረ በኋላ ያለው የሞረድና የመሮ ሥራ ደግሞ ብዙ ቀን ይፈጃል። እኛ ቅኔ ላይ ሰምና ወርቅ የምንለው መነሻው ይኸው የአንጥረኛ ሥራ ነው። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፣ እንዲህ በእጄ ይዤው ግን አላውቅም ነበር።

ብረቱን ፓንቻሎሃ፣ አምስት ብረት ይሉታል። አብዛኛው መዳብ ነው። ወርቅና ብሩ ዛሬ ቅንጣት ብቻ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ሻጭ «ወርቅ አለበት» ብሎ ዋጋ ቢቆልል አትስሙት። ሙያው የመጣው ከ9ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ ህንድን ከገዙት ከቾላ ነገሥታት ዘመን ነው። የዚያን ዘመን ሥራ ሌባ ይፈልገዋል። ከአንድ የታሚል ናዱ ቤተ መቅደስ የተሰረቀ ናታራጃ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ በ5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ፣ በ2014 ወደ ህንድ ተመልሷል። የመቅደላን ዘረፋ ለምናውቅ ለእኛ ይሄ ሩቅ ወሬ አይደለም። እባካችሁ አሮጌ ነው የሚላችሁን አትግዙ፤ አዲስ ግዙ፣ ደረሰኝ ያዙ።

ሁለተኛው ጋኔሻ ነው፣ ባለ ዝሆን ራሱ የሂንዱ አምላክ። ወርቅማ ነው፣ ከሩቅ ያምራል። «ንጹሕ ነሐስ» ተብሎ ነው የተሸጠው። ማግኔት ሳስጠጋው ግን ለጠፈበት! ነሐስ ማግኔት አይስብም። ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የመጋጠሚያ መስመር አለው፣ ጣቶቹ እንደ ጓንት ተጣብቀዋል፣ ጀርባው ለጥ ያለ ነው። በሁለተኛው ወር ቀለሙ መላጥ ጀመረ። በጣም ነው ያናደደኝ፤ ልጁ ተማሪ ሆኖ ከኪሱ ቆጥቦ ነው የገዛው።

እናቴ መጀመሪያ ስታየው «ጣዖት ቤቴ አስገባህ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። በሂንዱዎች ሥርዓት ሐውልቱ ለአምልኮ የሚሆነው ዓይኑ በጸሎት ከተከፈተ በኋላ እንደሆነ፣ ይሄ ደግሞ ሱቅ የተገዛ የእጅ ሥራ እንደሆነ ነገርኳት። ቢሆንም ለእነሱ ክቡር ነገር ስለሆነ መሬት ላይ አላስቀምጠውም። አሁን አቧራውን የምትወለውለው እሷ ናት።

ጥሩውም እንከን አላጣም። የነበልባሉ ክብ ለብቻው ተሠርቶ ከመቀመጫው ጋር የተገጠመ ነው፤ መንገድ ላይ ላልቶ ደርሷል፣ አንዷ ነበልባልም ጎብጣለች። መቀመጫው ትንሽ ይወዛወዛል። አጎቴ ክቡን አጠበቁልኝ፣ ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ አደረጉለት። የጎበጠችውን ላቃናት ስል ግን እጄን ያዙኝ። «ተዋት፣ ትሰበራለች» አሉ።