መንታ ያረገዘች ባዝራ፦ አንዱን ማፍረጥ ወይስ መጠበቅ?

በግ መንታ ስትወልድ ደስ ይላል። ባዝራ ላይ ግን መንታ ጭንቅ ነው። ለአንድ ውርንጭላ እንኳ የእንግዴ ልጁ መላውን የማህፀን ግድግዳ ይፈልጋል። ለሁለት ሲካፈሉት ሁለቱም ይጎዳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናው በመጨረሻዎቹ ወራት ይወርዳል።

ማፍረጥ፦ ጥሩው ጊዜ እንቁላል ከለቀቀች ከ14ኛው እስከ 16ኛው ቀን ነው። ፅንሶቹ ያኔ ገና ማህፀን ውስጥ ይንሸራሸራሉ። አልትራሳውንዱ ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች ይታያሉ። ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል አንዱን ወደ ማህፀን ቀንድ (ማህፀኑ ከሚከፈልባቸው ሁለት ክንፎች ወደ አንዱ) ጫፍ ገፋ አድርጎ ይጫነዋል። ክቡ ድንገት ይጠፋል። በሰለጠነ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል።

መጠበቅ፦ ከ16ኛው ቀን ገደማ በኋላ ፅንሶቹ ቦታ ይይዛሉ። ሁለቱም አንድ ቀንድ ውስጥ ከሆኑ አንዱ በራሱ የመክሰም ዕድሉ ሰፊ ነው። በሁለቱ ቀንዶች ተለያይተው ከተቀመጡ ግን ተስፋ ባታደርጉ ይሻላል።

ወጪ፦ መጠበቅ ርካሽ ይመስላል። ግን ምርመራው ይደጋገማል።

አደጋ፦ ማፍረጥ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል። ቢሆንም ገና ጊዜ አለ፤ ባዝራዋ እንደገና ድንጉላ ትፈልጋለች። መጠበቅ ከ35ኛው ቀን ካለፈ ግን እርግዝናው ቢወርድም ለወራት ላትመለስ ትችላለች። የዓመቱ ወቅት አለቀ ማለት ነው።

በጊዜ ከታየና ጥሩ ሐኪም ካለ እኔ ማፍረጥን እመርጣለሁ። ዘግይቶ ከታወቀና ሁለቱ አንድ ቀንድ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ በየጥቂት ቀኑ እያስመረመሩ እስከ 30ኛው ቀን መታገስ ያስኬዳል።