«የነሐሴ ገና»፦ በፎቶ ቤት ደጃፍ የበቀለ ፍቅር

በዚህ ፊልም ውስጥ መሳሳም የለም። «እወድሻለሁ» የሚል ቃልም ከወንዱ ለሴቲቱ አይነገርም። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የፍቅር ፊልሞች ሁሉ ግን አንጀቴን የበላው ይህ ነው።

«የነሐሴ ገና» እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የደቡብ ኮሪያ ፊልም ሲሆን፣ ለዳይሬክተሩ ለሁር ጂን ሆ የመጀመሪያው ረጅም ሥራው ነው። ሃን ሱክ ክዩ የሚጫወተው ጁንግ ዎን የአንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት ባለቤት ነው፤ ሞቱ ቀርቧል። ሕመሙ ምን እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም፤ ደግ አደረገ። በሺም ኡን ሃ የምትወከለው ዳሪም ያለቦታቸው የቆሙ መኪኖችን ፎቶ እያነሳች የምትቀጣ ወጣት ተቆጣጣሪ ናት። ፊልሟን ልታሳጥብ ትመጣለች፤ ትመላለሳለች፤ አይስክሬም አብረው ይበላሉ። ከዚህ የዘለለ ብዙ ነገር አይፈጠርም።

ልጅነቴን ያሳለፍኩት በአባቴ ፎቶ ቤት ነውና አንዱን ትዕይንት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንዲት አሮጊት ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤ ልጆቹም አሮጊቷን ለብቻቸው አንድ ጉርድ እንዲያነሳቸው ጁንግ ዎንን ይጠይቁታል። ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አሮጊቷም ያውቃሉ። ቆየት ብለው የክት ልብሳቸውን ለብሰው ብቻቸውን ይመለሳሉ፤ ለቀብራቸው የሚሆነውን ፎቶ አሳምሮ እንደገና እንዲያነሳቸው ይለምኑታል። የሟችን ፎቶ አቅፎ በሚለቀስበት አገር ላደግን ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጁንግ ዎን ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ መነጽራቸውን ያስተካክላል፣ ፈገግ ያሰኛቸዋል፣ ያነሳል። ከእርሳቸው ቀድሞ ሊሞት የሚችለው ግን እርሱ ነው።

ለአባቱ የቪዲዮ ማጫወቻውን አጠቃቀም የሚያስተምርበት ትዕይንትም እንዲሁ ነው። ሽማግሌው ይሳሳታሉ፤ ደግሞ ይሳሳታሉ። ልጁ ተበሳጭቶ ጥሏቸው ይወጣል። በኋላ ቅደም ተከተሉን በወረቀት በትልልቅ ፊደል ይጽፍላቸዋል። ፍቅሩ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ጁንግ ዎን ሕመሙን ከዳሪም ደብቆ ድንገት ይጠፋል። እርሷ በተዘጋው ፎቶ ቤት ደጃፍ ትመላለሳለች፤ ደብዳቤ ታስገባለች፤ በመጨረሻ ድንጋይ ወርውራ መስታወቱን ትሰብረዋለች። እኛም ዘንድ በሽታን ከሚወዱት ሰው መደበቅ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል፤ ከዳሪም ወገን ሆኖ ሲያዩት ግን ርኅራኄ አይመስልም። የመሰናበት መብቷን ነው የወሰደባት። ፊልሙ ይህን ዝምታ በጣም ስለሚወደው ለእርሷ ቁጣ የሰጠው ጊዜ አነሰብኝ፤ ከዚያች ድንጋይ በኋላ ብዙ ልሰማት እፈልግ ነበር።

ትወናው ግን እንከን አይወጣለትም። ሃን ሱክ ክዩ ፈገግታውን ሳይለቅ ይሞታል፤ ሺም ኡን ሃ በአንድ ቅጽበት ስታኮርፍም ስትስቅም ታምኗታላችሁ። ቀረጻው የተካሄደው በምዕራባዊው ጠረፍ በምትገኘው በጉንሳን ከተማ ነው፤ ፎቶ ቤቱም ታድሶ ዛሬ ጎብኚዎችን ይቀበላል።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስዳል። የሚያጣድፍ ነገር በሌለበት ምሽት ተመልከቱት፤ ስልክ እየነካኩ ከሆነ ግን ባይጀምሩት ይሻላል፤ ዋናው ነገር ሁሉ ሰው ዝም ባለበት ቦታ ላይ ያልፋችኋል።