ማይኤስኪውኤል ለሱቅ ሂሳብ፦ አሪፍ ነው፣ ግን «ፎርማት» ጉድ ሠርቶኛል

ጎንደር ፒያሳ ላለው የእህቴ ሱቅ የሽያጭ ሪፖርት የማወጣው ማይኤስኪውኤል በሚባል የዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ፕሮግራም ነው። ነጻው ስሪት አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። መጀመሪያ 37.25 ብር ላይ 15 በመቶ ቫት ስደምር 42.8375 አወጣልኝ፤ እህቴ «ይሄ ደግሞ የምን ሳንቲም ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ቁጥር በሚያጠጋጋው «ራውንድ» በሚባለው ትዕዛዝ ላይ 2 ብዬ (ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ማለት ነው) ስጨምር 42.84 ሆኖ አረፈው። «ፎርማት» የሚባለው ትዕዛዝ ደግሞ ለሺዎቹ ኮማ ያስገባል፣ ያምራል፣ ግን ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ስለሚቀይረው በእሱ ከደረደርክ ከፊት ያለውን 1 ከ9 ጋር አወዳድሮ 1,200.00 ከ95.50 ያንሳል ይልሃል፤ እኔማ ዳታው ተበላሸ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስበሳጭ አደርኩ። ለካ መደርደር የነበረብኝ ቁጥሩ ባለበት በዋናው ኮለም (ዓምድ) ነው። ዋጋን ደግሞ ቁጥሩን በግምት በሚይዘው በ«ፍሎት» ዓይነት አታስቀምጥ፣ በትክክል የሚይዘውን «ዴሲማል» አድርገው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለዚያች ሌሊት ቀንሻለሁ።