ኤስፕሬሶ በየትኛው ስኒ? ከስምንት ወር በኋላ

የኤስፕሬሶ ማሽን ቤቴ ከገባ ስምንት ወር ሆነው። ስለ ማሽኑ ስንት ቀን አውጥቼ አውርጄ ስለ ስኒው ግን ምንም አላሰብኩም ነበር።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ ሁለት ግድግዳ ብርጭቆ ነው፣ አራት ፍሬ። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ቡናው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ውጪው ስለማይግል ጣት አያቃጥልም። ችግሩ ቆይቶ መጣ። አንዱን ስኳር ሳማስል ማንኪያው ነካ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ሌላው ደግሞ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ውሃ አስገባ። ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌው ስለማድር ይመስለኛል። አሁን ትኩስ ቡና በገባበት ቁጥር ውስጥ ለውስጥ ያልበዋል። የቀሩትን ሁለቱን ለእንግዳ ብቻ ነው የማወጣቸው።

የስቲሉን ወንድሜ ሰጠኝ። ቢወድቅም አይሰበርም። ከንፈሬ ላይ ግን ከቡናው በፊት ብረቱ ይሰማኛል። ለጉዞ ይሁን ብዬ አስቀመጥኩት።

ከዚያ 70 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ወፍራም የፖርሴሊን ስኒ ገዛሁ፣ ካፌ ውስጥ የምናውቀው ዓይነት። የመጀመሪያ ቀን ቡናው ለብ ብሎ ጠበቀኝና ተናደድኩ። ጥፋቱ የኔው ነበር። አንድ ኤስፕሬሶ 30 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ይህችን ታህል ነገር ቀዝቃዛ ወፍራም ስኒ ላይ ስትቀዳ ሙቀቷን ስኒው ይወስደዋል። አሁን ማሽኑን ስለኩስ ስኒውንም አናቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አብረው ይሞቃሉ። ከቸኮልኩ ደግሞ የፈላ ውሃ ሞልቼበት ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቼ እደፋዋለሁ። ያኔ እስከ መጨረሻዋ ጉንጭ ትኩስ ነው። ታችኛው ክፍል ጠበብ ያለ ስለሆነ ክሬማውም፣ ማለትም ኤስፕሬሶው ላይ የሚቀመጠው ቡናማ አረፋ፣ ተሰብስቦ ይቆያል።

የረከቦቱን ስኒስ? እሱንም ሞክሬዋለሁ። ስስ ስለሆነ ሳላሞቀው እንኳ ቡናውን ወዲያው አያበርደውም፣ ይሄን አልጠበቅኩም ነበር። ግን አፉ ሰፊ ነው፣ ክሬማው ይሳሳበታል። ደግሞም ጢም ተደርጎ የሚቀዳበት ስኒ ነው። እናቴ ከግማሽ በታች የሆነውን አይታ «ይሄ ቡና ነው የሳል ሽሮፕ?» አለችኝ።

ብርጭቆውን ዳግመኛ አልገዛም። ፖርሴሊኑን ሁለት ጨመርኩ። እናቴ ስትመጣ ግን ያው ጀበናው ይጣዳል።